ቀን ታስሮ ውሎ ሌሊት የሚቆም አውቶማቲክ ሰዓት

ጥያቄ፦ «አጎቴ ከጅዳ ሲመለስ ሲኮ 5 አውቶማቲክ ሰዓት አምጥቶልኛል። የኋላ ክዳኑ ላይ 7ኤስ26 የሚል ተጽፎበታል። የምሠራው ባንክ ውስጥ በሒሳብ ክፍል ስለሆነ ቀኑን ሙሉ ከጠረጴዛ አልነሣም። ማታ 2 ሰዓት ላይ አውልቄ አስቀምጠዋለሁ፤ ጠዋት ስነሣ ሌሊት 9 ሰዓት ገደማ ላይ ቆሞ አገኘዋለሁ። በጎኑ ያለችውን መሙያ ባዞራት ባዞራት አትሞላም። የወሩ ቀን ደግሞ የሚቀየረው ማታ 12 ሰዓት ላይ ነው። ሰዓቱ ተበላሽቶ ይሆን? ቆሞ ማደሩስ ይጎዳዋል? አንድ ነጋዴ ሰዓቱን እያሽከረከረ የሚሞላ የኤሌክትሪክ ሳጥን ልሽጥልህ እያለኝ ነው፤ ልግዛ?»

ምላሽ፦ ከዘረዘሯቸው ሦስት ነገሮች ሁለቱ ብልሽት አይደሉም። መሙያዋ የማትሞላው ማሽኑ ሲፈጠር እንዲያ ስለሆነ ነው። የወሩ ቀን ማታ የሚቀየረው ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር ሲያስተካክሉ ቆጣሪዎቹ በተሳሳተው ግማሽ ቀን ላይ ስላረፉ ነው፤ በአንድ ደቂቃ ይታረማል። ሌሊት መቆሙ ግን ሁለት ምክንያት ሊኖረው ይችላል፤ አንዱ እርስዎ ዘንድ፣ ሌላው ሰዓቱ ዘንድ። ሁለቱን ለመለየት ምንም ወጪ የማይጠይቅ ሙከራ አለ፤ ከታች አስረዳዎታለሁ። ሳጥኑን አይግዙ።

አውቶማቲክ ሰዓት ባትሪ የለውም፤ ቀለቡ የባለቤቱ ክንድ ነው። እንዴት እንደሚቀለብ ለማየት ሰዓት ሠሪ ዘንድ ጎራ ብለው የኋላ ክዳኑን ያስከፍቱና አጎንብሰው ይመልከቱ። መጀመሪያ ዓይን ውስጥ የሚገባው ግማሽ ክብ የሆነ ወፍራም ብረት ነው፤ ሮተር ይባላል። መሐሉ ላይ በትንሽ ኩሽኔታ ስለተቀመጠ ወደ ግራም ወደ ቀኝም ያለ ችግር ይዞራል። ክንድዎን ባነሡና ባወረዱ ቁጥር የከበደው ጎኑ ወደ ታች ይወርዳል። ከሮተሩ ሥር ሁለት ጣት ያለው ቀጭን ብረት ተሸሽጓል፤ ሲኮ እ.ኤ.አ. በ1959 ሥራ ላይ ያዋለው «ማጂክ ሌቨር» የሚባለው ዘዴ ይህ ነው። ሮተሩ ሲዞር ብረቱ ወዲያና ወዲህ ይመላለሳል። ሲሄድ አንደኛው ጣት የአንዲት ጥርሳም መዘውር ጥርስ ይገፋል፣ ሲመለስ ሁለተኛው ጣት ይስባል። ስለዚህ ሮተሩ በየትኛውም አቅጣጫ ቢዞር መዘውሯ ሁልጊዜ የምትዞረው ወደ አንድ ወገን ነው፤ ከእንቅስቃሴዎ የሚባክን የለም። ሌሎች አምራቾች ለዚሁ ሥራ ብዙ መዘውር ይደረድራሉ። ብዙ ማሽን ፈትቶ ለገጠመ ሰው ይህች ቁራጭ ብረት የምታስደስት ሥራ ናት።

መዘውሯ በተራዋ በክብ ቤቱ ውስጥ የተጠቀለለውን ሞላ ታጠብቃለች። ሰዓቱን የሚያስኬደው ይኸው ሞላ ሲፈታ የሚሰጠው ኃይል ነው። የሞላው የውጭ ጫፍ በቤቱ ግድግዳ ላይ የሚይዘው በመታከክ ብቻ ስለሆነ፣ ጢም ብሎ ከጠበቀ በኋላ ጫፉ በግድግዳው ላይ ይንሸራተታል። «ብዙ ካወዛወዝኩት ይበጠሳል» የሚለው ስጋት በእጅ ይሞሉ ከነበሩት ከአባቶቻችን ሰዓቶች የተወረሰ ነው፤ እነዚያ አልሄድ ሲሉ እጅን መሰብሰብ ግድ ነበር። የእርስዎን ግን ሲያወዛውዙት ቢውሉ ክንድዎ ይደክማል እንጂ ሞላው አይበጠስም።

7ኤስ26 በሰዓትዎ ውስጥ ያለው ማሽን መጠሪያ ነው፤ ጢም ብሎ ሲሞላ፣ ሳይነኩት 41 ሰዓት ያህል ይሄዳል። በሰከንድ 6 ጊዜ፣ በአንድ ሰዓት 21,600 ጊዜ ይመታል፤ የሰከንድ ቆጣሪዋ እንደ ባትሪ ሰዓት እየዘለለች ሳይሆን እየተንሸራተተች የምትሄድ የሚመስለው ለዚህ ነው። በቀን ከ518 ሺህ በላይ ምት ማለት ነው። የዚህ ሁሉ ምት ኃይል የሚመጣው ከክንድዎ ነው።

መሙያዋ ለምን እንደማትሞላ ለመረዳት ትንሽ ወደ ኋላ መሄድ ይጠቅማል። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ጆን ሃርውድ የሚባል እንግሊዛዊ ሰዓት ሠሪ የእጅ ሰዓት ቶሎ የሚበላሽበትን ምክንያት ሲያስስ፣ አቧራና እርጥበት በብዛት የሚገቡት በመሙያዋ ቀዳዳ በኩል መሆኑን አስተዋለ። እ.ኤ.አ. በ1924 በስዊዘርላንድ የፈጠራ መብት ያገኘበት አውቶማቲክ የእጅ ሰዓት ጭራሽ መሙያ አልነበረውም፤ ቆጣሪዎቹ የሚስተካከሉት የመስታወቱን ዙሪያ ቀለበት በማዞር ነበር። የሃርውድ ብረት ሙሉ ዙር አይዞርም፣ በሁለት ወገን ካሉ ትናንሽ ሞላዎች ጋር እየተላተመ ይመለስ ነበር። ሙሉውን ዙር የሚዞር ሮተር ያለው ሰዓት ሮሌክስ እ.ኤ.አ. በ1931 አወጣ። ሲኮ 5 ገበያ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ1963 ሲሆን፣ መሙያዋ ከ3 ቁጥር ወርዳ 4 ቁጥር ላይ፣ ያውም ወደ ውስጥ ተሸጉጣ የተቀመጠችው ባለቤቱ በየቀኑ አይነካትም ተብሎ ነው። በ7ኤስ26 ደግሞ የመሙላት ሥራ ከነጭራሹ ተወስዶባታል። በመጀመሪያው ጠቅታ ቀን፣ በሁለተኛው ጠቅታ ሰዓት ታስተካክላለች፤ ሌላ ሥራ የላትም። ስለዚህ ደጋግመው ማዞርዎን ይተዉ፤ የሚያተርፉት የጎማ ቀለበቷን ማሳሳት ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2019 ወዲህ በወጡት ሲኮ 5 ስፖርት ሰዓቶች ውስጥ ያለው 4አር36 የሚባለው ማሽን በእጅም ይሞላል፤ የጓደኛዎ ሰዓት ሲሞላ አይተው ከሆነ ልዩነቱ ይኸው ነው።

አሁን ወደ ሙከራው። ወደ ሰዓት ሠሪ ከሚመጡት አውቶማቲክ ሰዓቶች ብዙዎቹ ሳይሞሉ የተፈረደባቸው ናቸው። ባለቤቱ የሰከንድ ቆጣሪዋ እስክትነሣ ድረስ ያወዛውዘዋል፣ ያስራል፣ ከጠረጴዛው ይቀመጣል፤ ከሰዓት በኋላ ሲቆም «ተበላሸ» ይላል። ለግማሽ ደቂቃ ማወዛወዝ ሰዓቱን ያስነሣዋል እንጂ አይሞላውም። ስለዚህ መጀመሪያ ይሙሉት፣ ከዚያ ይፍረዱበት።

ቅዳሜና እሑድ ሰዓቱን ከእጅዎ አያውልቁት፤ ሲተኙም ጭምር። ገበያ ይውጡ፣ በእግርዎ ይሂዱ፣ የቤት ሥራ ያግዙ። (ቡና ከወቀጡ ወይም ምስማር ከመቱ ግን አውልቀው ይሁን፤ ምቱ የማሽኑን ቀጫጭን ምሰሶዎች ይጎዳል።) እሑድ ማታ 2 ሰዓት ላይ ያውልቁትና ገጹን ወደ ላይ አድርገው፣ ማንም በማይነካው ቦታ ያስቀምጡት። ሰኞ አይሰሩት። በ41 ሰዓት ስሌት የሚቆመው ማክሰኞ ቀን 7 ሰዓት ገደማ ነው። ሲቆም አጠገቡ መገኘት አይጠበቅብዎትም፤ ቆጣሪዎቹ የቆመበትን ሰዓት፣ የቀኑ መስኮት ደግሞ የቆመበትን ዕለት ይነግሩዎታል።

ማክሰኞ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ እየሄደ ካገኙት፣ 36 ሰዓት ሄዷል ማለት ነውና ሰዓቱ ጤነኛ ነው፤ የጎደለው የእርስዎ እንቅስቃሴ ነው። ሰኞ ዕለት፣ አንድ ሙሉ ቀን ሳይሞላው ከቆመ ግን ጉዳዩ የባለሙያ ነው። ያን ጊዜም ሰዓት ሠሪው በግምት እንዳይሠራ አንድ ነገር ይጠይቁት፦ ክዳኑን ከፍቶ ሞላውን በቀጥታ፣ በሞላው ቤት ላይ ባለው ብሎን በኩል በመፍቻ ይሙላው። እንዲህ ተሞልቶ 40 ሰዓት ገደማ ከሄደ ሞላውም ዘይቱም ደህና ናቸው፤ ችግሩ ከሮተሩ ወይም ከማጂክ ሌቨሩ ጣቶች ነው። በቀጥታ ተሞልቶም ቶሎ ከቆመ ዘይቱ ደርቋል ወይም ሞላው ደክሟል። ይህ ልዩነት ካልተለየ ገንዘብዎ በማያስፈልግ ቦታ ይወጣል።

በበኩሌ የምገምተው ሰዓቱ ጤነኛ እንደሚሆን ነው። ኮምፒውተር ላይ የሚጽፍ ሰው የሚያንቀሳቅሰው ጣቶቹን ነው፤ ክንዱ ጠረጴዛው ላይ እንዳረፈ ይውላል። አምራቾች በቀን ከ8 ሰዓት ያላነሰ እንዲታሰር ይመክራሉ፤ ሆኖም የፖስተኛ 8 ሰዓትና የሒሳብ ሠራተኛ 8 ሰዓት አንድ አይደለም። የኮምፒውተሩን ማውስ በሚይዘው እጅ ቢያስሩትም ብዙ ለውጥ አያዩም፤ እጁ ጠረጴዛው ላይ ተጋድሞ ስለሚንሸራተት የሮተሩ ከባድ ጎን የሚወርድበት ቁልቁለት አያገኝም። ምሳ ሰዓት ላይ በእግር መሄድ ከሁሉም ይበልጣል። ይህ ካልሆነ ማታ ከማውለቅዎ በፊት ወይም ካወለቁ በኋላ ሁለት ሦስት ደቂቃ ይሙሉት። አሞላሉ እንዲህ ነው፦ ሰዓቱን ገጹ ወደ እርስዎ እንዲሆን ቀጥ አድርገው ይያዙት፤ ወደ ቀኝ ሙሉ ዙር፣ ከዚያ ወደ ግራ ሙሉ ዙር፣ ሳይቸኩሉ ያዙሩት። ሮተሩ በክብደቱ ታች እንደቆመ ይቀራል፣ ሰዓቱ ይዞርበታል፤ ጆሮዎን ቢያስጠጉ ለስላሳ ድምፅ ይሰማሉ። ወደ ላይና ወደ ታች መነቅነቅ ግን ሮተሩን ከኩሽኔታው ጋር ያላትመዋል እንጂ የሚረባ ዙር አይሰጠውም።

እዚህ ላይ ለሌሎች አንባቢዎች አንድ ቃል። በብዙ የሲቲዝን አውቶማቲክ ሰዓቶች ውስጥ ያለው 8200 የሚባለው የማሽን ዘር የሚሞላው ሮተሩ ወደ አንድ ወገን ሲዞር ብቻ ነው። ወደ ሌላው ሲዞር ምንም የሚይዘው ስለሌለ ሹር ብሎ ይከንፋል፤ ክንድ ላይም ይሰማል። ይህ ብልሽት አይደለም። ብልሽት የሚሆነው ድምፁ ሲፋቅ ነው፤ ሮተሩ ኩሽኔታው ላልቶ ክዳኑን እየጫረ ነው ማለት ነው። ክዳኑ ሲከፈት በውስጥ በኩል ክብ ጭረት ይታያል።

የቀኑ ጉዳይ ሰፋ ያለ ማብራሪያ ይሻል፤ ለእኛ ሰው የተጻፈ መመሪያ የለምና። ሰዓቱ ቀንና ሌሊት የሚባል ነገር አያውቅም። የሚያውቀው የሰዓት ቆጣሪዋ በ12 ቁጥር ላይ ስታልፍ አንዱን ማለፍ ዝም ብሎ፣ ቀጣዩን ማለፍ ቀን መቀየር እንዳለበት ነው። የሠሩት ሰዎች ሁለተኛውን ማለፍ ለእኩለ ሌሊት አስበውታል። እኛ ቆጣሪዎቹን በራሳችን አቆጣጠር ስናስተካክል ግን 12 ቁጥር የሚውለው ንጋት ላይና ምሽት ላይ ነው። እርስዎ ሲያስተካክሉ ቀን የሚቀይረው ማለፍ ምሽት ላይ ወደቀ። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ መሙያዋን እስከ መጨረሻው ጠቅታ ስበው ቆጣሪዎቹን ወደ ፊት 12 ሰዓት ሙሉ ያዙሯቸው። ከዚያ ወዲያ ቀኑ የሚቀየረው ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ይሆናል። ከእኩለ ሌሊት እስከ ንጋት የትናንቱን ቀን ያሳያል፤ ሰዓቱን ከንጋት 1 ብሎ ለሚቆጥር ሰው ይህ የሚያስቸግር አይመስለኝም። በእኩለ ሌሊት እንዲቀየር ከፈለጉ ያለው አማራጭ ሰዓቱን በፈረንጅ አቆጣጠር ማስተካከል ብቻ ነው።

አደጋው ያለው እዚህ ጋ ነው። የሰዓቱ መመሪያ ከምሽቱ 9 እስከ ንጋቱ 4 ሰዓት ድረስ ቀን በመሙያዋ እንዳይቀየር ያስጠነቅቃል፤ የሚናገረው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ይህን ያነበቡ ሰዎች ወደ እኛ ይመልሱትና «ከምሽቱ 3 እስከ ሌሊቱ 10 አትንኩት ማለት ነው» ይላሉ። ትርጉሙ ትክክል ነው፤ የሚሠራው ግን በፈረንጅ አቆጣጠር ለተስተካከለ ሰዓት ብቻ ነው። ወሳኙ ፀሐይ ያለችበት ሳይሆን የሰዓት ቆጣሪዋ ያለችበት ነው። ቀን ወደሚቀይረው ማለፍ ስትቃረብ፣ ከ9 ቁጥር ጀምሮ በ12 በኩል እስከ 4 ቁጥር ድረስ፣ ቀኑን የምትገፋው ትንሽ ጣት ከቀኑ ክብ ጥርስ ጋር ተያይዛለች። በዚያ መሐል በመሙያዋ በኃይል ሲያዞሩት ጣቷ ወይም ጥርሱ ይሰበራል። በእኛ አቆጣጠር ለተስተካከለና ጠዋት ቀን ለሚቀይር ሰዓት ይህ የተከለከለ ጊዜ ከሌሊቱ 9 እስከ ረፋዱ 4 ሰዓት ነው። ሰው የቆመ ሰዓቱን አንሥቶ ቀኑን የሚያስተካክለው መቼ ነው? ጠዋት 1 ሰዓት፣ ከቤት ሊወጣ ሲል። ቀናቸው ተሰብሮ የሚመጡ ሰዓቶች በአገራችን የሚበዙት በዚህ ምክንያት ነው ብዬ አምናለሁ።

ስለዚህ ሰዓትዎ ቆሞ ባገኙት ቁጥር ይህን ሥርዓት ይከተሉ። መጀመሪያ ጥቂት አወዛውዘው ያስነሡት። መሙያዋን እስከ መጨረሻው ስበው ቆጣሪዎቹን 6 ሰዓት ተኩል ላይ ያምጧቸው፤ ይህ ቦታ ከአደጋው የራቀ ነው። ወደ መጀመሪያው ጠቅታ ይመልሷትና የትናንቱን ቀን ያስገቡ፤ ወደ አንድ ወገን ሲያዞሯት የወሩ ቀን፣ ወደ ሌላው ሲያዞሯት የሳምንቱ ቀን ይቀየራል። አሁን ደግሞ እስከ መጨረሻው ስበው ቆጣሪዎቹን ወደ ፊት ያስኪዱ። ቀኑ ሲቀየር ያያሉ፤ ያ ጊዜ ጠዋት 12 ነው። ከዚያ እስከ ትክክለኛው ሰዓት ይቀጥሉ፣ ከምሽቱ 12 በኋላ ከሆነ አንድ ዙር ጨምረው ማለት ነው። መሙያዋ ተስባም የሰከንድ ቆጣሪዋ አትቆምም፤ ይህም የ7ኤስ26 ጠባይ ነው።

ሰዓትዎ ከዐረብ አገር የመጣ ስለሆነ የሳምንቱ ቀን በዐረብኛም በእንግሊዝኛም ሳይጻፍበት አይቀርም። ሁለቱ ቋንቋዎች በአንድ ክብ ላይ እየተፈራረቁ ስለሚቀመጡ፣ ቀኑ በሚቀየርበት ጊዜ የሌላው ቋንቋ ጽሑፍ ለተወሰነ ሰዓት ብቅ ብሎ ይታይና ያልፋል። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ዐረብኛ አይተው እንዳይደነግጡ፤ እስከ ረፋድ ድረስ ወደ መረጡት ቋንቋ ይመለሳል።

በኢትዮጵያ ቀን ልያዘው ካሉ ደግሞ ይቻላል፣ ጥቂት ሥራ ይጨምራል። የሰዓቱ ክብ እስከ 31 ይቆጥራል፣ ወሮቻችን ግን 30 ናቸው። ስለዚህ ወር በገባ ቁጥር 31 የሚለውን አንድ ጠቅታ አሳልፈው 1 ላይ ማድረስ አለብዎት። ጳጉሜን 5 ቀን ሆና ስታልቅ መስከረም 1 ጠዋት ሰዓቱ 6 ብሎ ይጠብቅዎታል፤ 1 ላይ ለመድረስ 26 ጠቅታ ነው፣ በዘመነ ሉቃስ ማብቂያ ጳጉሜን 6 ስትሆን ደግሞ 25። የፈረንጁን ቀን ለሚይዝ ሰው የሚታረመው በዓመት 5 ጊዜ ብቻ ነው። ባንክ ሠራተኛ ሆነው ሁለቱንም ቀን እየጻፉ ስለሚውሉ ምርጫውን ለእርስዎ እተዋለሁ።

አንድ ነገር ልብ ይበሉ፦ ቀኑን መግፋት ለማሽኑ ተጨማሪ ሸክም ነው። ጠዋት እንዲቀየር ካደረጉ በኋላ ሸክሙ የሚጀምረው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ወዲህ ነው፤ በደንብ ያልተሞላ ሰዓት የሚሸነፈውም አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ሰዓት ነው።

ወደ ሳጥኑ ልምጣ። እነዚህ ሳጥኖች ሰዓቱን በቀን ብዙውን ጊዜ ከ650 እስከ 800 ዙር ያዞሩታል፤ የእርስዎን ማሽን እንዳይቆም ለማድረግ ይበቃል። ጥያቄው መቆሙ ምን ያሳጣዎታል ነው። ለምን እንደተፈለሰፉ ከተነሣ፣ ወር 30 ይሁን 31፣ የካቲት 28 ይሁን 29 ለይተው የሚያውቁ በጣም ውድ ሰዓቶች አሉ፤ ከቆሙ መልሶ ማስተካከሉ አድካሚ ነው። ለእነርሱ ሳጥን ተገቢ ነው። የእርስዎ ሰዓት ግን በአንድ ደቂቃ ይስተካከላል። ሳጥን ውስጥ ሳይታሰር ሌት ተቀን የሚሄድ ሰዓት ሮተሩም ጣቶቹም ያለ ጥቅም ይበላሉ፤ ጢም ብሎ ከሞላ በኋላ ሞላው በቤቱ ግድግዳ ላይ እየተንሸራተተ እዚያ ያለውን ቅባት ይጨርሳል። ርካሹ ሳጥን ውስጥ ያለው ሞተር ደግሞ በቅጡ ካልተሸፈነ ሰዓቱን ማግኔት ሊያስይዘው ይችላል። ሳጥኑ የሚያወጣውን ገንዘብ ለሙሉ ጽዳት ቢያስቀምጡት ይሻላል።

ቆሞ ማደሩ አይጎዳውም፤ ወር ቢቆምም አይጎዳውም። «ሰዓት ከቆመ ዘይቱ ይረጋል» የሚባለው ከእንስሳትና ከዕፅዋት የተገኘ ዘይት በሚቀባበት ዘመን እውነት ነበር። ዛሬ የሚቀባው በፋብሪካ የሚቀመም ዘይት በመቆም ብቻ አይረጋም፤ የሚደርቀው በዓመታት ብዛት ነው፣ ሰዓቱ ቢሄድም ባይሄድም።

ስለ ፍጥነቱ ባይጠይቁኝም በቅርቡ መጠየቅዎ ስለማይቀር፦ ለዚህ ማሽን ፋብሪካው የፈቀደው በቀን 20 ሰከንድ ከመዘግየት እስከ 40 ሰከንድ መፍጠን ነው። ማታ ሲያስቀምጡት ገጹ ወደ ላይ መሆኑ ወይም በጎኑ መቆሙ የሌሊቱን ፍጥነት ይለውጠዋል፤ ለጥቂት ሌሊቶች አቀማመጡን እየለዋወጡ ከስልክዎ ጋር ቢያስተያዩ ቀን የፈጠነውን ሌሊት የሚመልስ ቦታ ታገኙለታላችሁ፣ እርስዎም ሰዓቱም። በድንገት በቀን ብዙ ደቂቃ መፍጠን ከጀመረ ግን አብዛኛውን ጊዜ ማግኔት ይዞት ነው። ፀጉር የምታክለው የሚዛኑ (ወዲያና ወዲህ እየተመላለሰ ምቱን የሚሰጠው መዘውር) ሞላ እርስ በርሷ ተጣብቃ ታጥራለች፣ ያጠረች ሞላ ቶሎ ቶሎ ትመታለች። ምንጩ የድምፅ ማጉያ፣ የቦርሳ ማግኔት፣ የታብሌት ሽፋን ሊሆን ይችላል። ማግኔት የሚያስለቅቀው መሣሪያ ያለው ባለሙያ በሰከንዶች ይጨርሰዋል፤ ማሽን መፍታት አያስፈልግም፣ ለመፍታት የሚያስከፍልዎት ካለ ሌላ ዘንድ ይሂዱ።

ውኃን በተመለከተ አጭር ነኝ። ክዳኑ ላይ ውኃ አይገባውም የሚል ቢጻፍም ቃሉ የጎማ ቀለበቱ አዲስ ለነበረበት ቀን ነው። ሻወርም ጠበልም ያለ ሰዓት ይሁን። መስታወቱ ከውስጥ ላብ ካሳየ በዚያው ዕለት ይከፈት፤ ዝገት ቀጠሮ አይሰጥም።

ሙከራው ሰዓቱ መታከም እንዳለበት ካሳየ፣ ከፒያሳ እስከ መርካቶ የሚሠሩ ጎበዝ ባለሙያዎች አሉ፤ ከመስጠትዎ በፊት ግን ምን እንደሚሠሩልዎ ይጠይቁ። ማሽኑን ሳይፈቱ ቤንዚን ውስጥ ነክሮ ማውጣት ጽዳት አይደለም፤ ቆሻሻውን ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ይወስደዋል፣ በየምሰሶው ያለውን ዘይትም አጥቦ ያደርቃል። ሰዓቱ ለጥቂት ሳምንታት ፈጥኖ ይነሣና ከበፊቱ ብሶ ይመለሳል። የስፌት መኪና ዘይትም ለሰዓት አይሆንም፤ ይሰራጫል፣ የሚዛኗን ሞላ ይነካል። ትክክለኛው ሥራ እያንዳንዱን አካል ፈትቶ ማጠብ፣ የሰዓት ዘይትን በመርፌ ጫፍ በየቦታው መቀባት፣ የጎማ ቀለበቱን መቀየርና በመጨረሻ ፍጥነቱን በመለኪያ ማሳየት ነው። በደንብ ከተሠራ አምስት ዓመት ገደማ መልሰው አያስቡትም።

ማሽኑ በጣም አልቆ ከተገኘና የመለዋወጫው ወጪ ከበዛ፣ የሲኮ ኩባንያዎች ለሌሎች ሰዓት አምራቾች የሚሸጡት ኤንኤች36 የሚባል ማሽን አለ። በአብዛኛው የ7ኤስ26 ሰዓት ውስጥ ልክ ይገባል፤ ገጹ፣ ቆጣሪዎቹና አካሉ እንዳሉ ይቆያሉ፣ በእጅም ይሞላል፣ መሙያዋ ስትሳብም የሰከንድ ቆጣሪዋ ትቆማለች። ይህን ከመረጡ አሮጌውን ማሽን ሰዓት ሠሪው ዘንድ አይተዉት፤ ጠቅልሎ እንዲመልስልዎ አስቀድመው ይንገሩት፣ ለመለዋወጫ ይፈለጋል።